አልነሳም ያለ ላፕቶፕ ሁሉ ፎርማት አይደረግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ በቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ አልነሳ ስላለ ላፕቶፕ የወጣውን ምክር አንብቤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሳስቻለሁ። ጽሑፉ በቀላል አማርኛ መቅረቡ፣ አንባቢውም ወደ ጥገና ከመሄዱ በፊት ራሱ ሊሞክር የሚችለውን ለማሳየት መጣሩ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ስለ ቻርጀሩ ሁለት መስመር ያህል ተናግሮ ሲያበቃ «ችግሩ ካልተፈታ ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ እንደገና መጫን ነው» ወደሚል ማጠቃለያ መሻገሩን፣ ለብዙ ዓመታት በኮምፒዩተር ጥገና ላይ እንደቆየ ሰው በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ከነፋይሉ ማጥፋት፣ የመጨረሻው እርምጃ እንጂ ሁለተኛው አይደለም፤ ላፕቶፕ ከማይነሳባቸው ምክንያቶች ብዙዎቹም ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ይህን የምለው ከስህተቱ ነጻ ሆኜ አይደለም። ሙያውን በጀመርኩበት ሰሞን የአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ይሠሩ የነበሩ ደንበኛ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ማሽኑ ይበራል፣ የአምራቹ ዓርማ ይታያል፣ ዊንዶውስ መነሳት ሲጀምር ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ራሱን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ሰማያዊውን ስክሪን እንዳየሁ ጥፋቱን በዊንዶውስ ላይ ጣልኩት። «ፋይልዎን ሌላ ቦታ አስቀምጠዋል?» ብዬ ስጠይቃቸው «ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ» አሉኝ፤ እኔም ፍላሹን ከፍቼ ሳላይ ዲስኩን አጥፍቼ መጫን ጀመርኩ። ጭነቱ መሐል ላይ ቆመ። ደገምኩት፤ አሁንም ቆመ፤ ግን በሌላ ቦታ ነበር። አንድ ሥራ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ እየደረሰ ሲከሽፍ ራሙን፣ ማለትም ማሽኑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል፣ መጠርጠር እንደሚገባ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። የጀርባውን ክዳን ከፍቼ ከሁለቱ ራሞች አንዱን ሳወጣ ዊንዶውሱ ሳይደናቀፍ ተጫነ። ፍላሹ ላይ የነበረው ቅጂ ግን ዘጠኝ ወር ያለፈው ሆኖ ተገኘ። ደንበኛዬ አልተቆጡኝም፤ ፍላሹን ነቅለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሥተው ሄዱ። የዘጠኝ ወር ሒሳብ የጠፋው በተበላሸው ራም ሳይሆን በእኔ እጅ ነበር፤ የእናንተ ዓምድ የመከረውም ይህንኑ ያደረግኩትን ነው።

«ላፕቶፔ አይሠራም» ብሎ ለሚመጣ ሰው ከዚያ ወዲህ የማስቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፤ አይበራም ነው፣ አያሳይም ነው ወይስ አይከፍትም? በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የማብሪያው ቁልፍ ሲጫን የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም። ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ቦርድ) ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ነቅቶ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ፤ ይህ ቺፕ ቁልፉ መነካቱን አይቶ ኃይሉን በቅደም ተከተል ለየክፍሉ ይለቃል፤ ከቻርጀሩ 19 ወይም 20 ቮልት ሆኖ የገባውም ኃይል ወደ 5፣ ወደ 3.3፣ ለፕሮሰሰሩ ደግሞ ወደ 1 ቮልት አካባቢ እየወረደ ይከፋፈላል። ከዚያ በኋላ ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም ተነሥቶ ራሙን፣ የምስል ክፍሉንና ኪቦርዱን ይፈትሻል፤ ሁሉም ደህና ሆኖ ካገኘው ብቻ ዲስኩን ፈልጎ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። እንግዲህ መብራቱ ያልበራና ፋኑ ያልዞረ ማሽን ዲስኩ ላይ ዊንዶውስ ይኑር አይኑር ገና አላወቀም ማለት ነው። እንዲህ ላለው ማሽን ፎርማት ማዘዝ ትርጉም የለውም፤ ደግሞም ማሽኑ ስለማይበራ ዲስኩ ተፈትቶ ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ካልሆነ በቀር ፎርማት ማድረግም አይቻልም።

አይበራም ከሚባለው ልጀምር። ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መፈተን ለመጻፍ እንኳ የሚያሳፍር ቢመስልም ከሁሉ በፊት የሚደረገው እሱ ነው። ቀጥሎ ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር መስማማት አለበት፣ አምፒሩ ግን እኩል ወይም ከፍ ያለ መሆን ይችላል። በዩኤስቢ-ሲ የሚሞሉ ላፕቶፖች ከመጡ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዓይነት ግራ መጋባት ተፈጥሯል፤ ማንኛውም የስልክ ቻርጀር ቀዳዳው ውስጥ ስለሚገባ ሰዉ የሚሞላ ይመስለዋል። የስልክ ቻርጀር በአብዛኛው 5 ወይም 9 ቮልት ሲሰጥ፣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች የሚጠይቁት ግን 20 ቮልት ነው። ኬብሉም ቢሆን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከ60 ዋት በላይ ለማሳለፍ 5 አምፒር የሚችል ኬብል ያስፈልጋል። ባትሪው ጨርሶ የደረቀ እንደሆነም በትክክለኛው ቻርጀር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩ ማቆየት እንጂ በየደቂቃው ቁልፉን መጫን አይረዳም።

ቻርጀሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ አሁንም ድምፅ ካላሰማ፣ ዓምዱ ጨርሶ ያላነሣው፣ እኔ ግን በየሳምንቱ የምጠቀምበት አንድ ዘዴ አለ። ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል፤ ከዚያም የማብሪያው ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይያዛል። ባትሪው ከውስጥ የታሰረ በሆነባቸው ማሽኖች ቁልፉን ብቻ ረዘም አድርጎ መያዝ፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በሥረኛው ክዳን በኩል ባለች ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ የሚገኘውን ማስተካከያ በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫን ማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ከዚያ ባትሪውን ሳይመልሱ ቻርጀሩን ብቻ ሰክቶ ማብራት ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት መቆጣጠሪያ ቺፕ አልፎ አልፎ ተደናግሮ ለቁልፉ መልስ መስጠት ያቆማል፤ እሱ ደግሞ ኃይል ጨርሶ ካልተቋረጠበት በቀር አይጠፋም፤ ስለዚህ ውስጥ የቀረውን ኃይል ማፍሰስ ቺፑ ሥራውን እንደ አዲስ እንዲጀምር ያስገድደዋል። «ሞቷል» ተብሎ በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣ ላፕቶፕ ደንበኛው ወንበር ሳይስብ የተነሣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሥረኛው ክዳን ወደ ውጭ ካበጠ ወይም የመዳፊት ሰሌዳው ከቦታው ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል፤ እንዲህ ያለውን ባትሪ መጫን፣ መብሳትም ሆነ መሙላት እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ማሽኑ ከቻርጀር ተላቅቆ ወደ ባለሙያ መሄድ አለበት። ፈሳሽ የፈሰሰበት ላፕቶፕም «ደርቆ እንደሆነ ልየው» እየተባለ አይሞከርም። እርጥበት ባለበት ቦርድ ላይ ኃይል መልቀቅ ሊጸዳ ይችል የነበረውን ቦርድ ያቃጥለዋል።

አያሳይም የሚባለው፣ ማለትም መብራቱ በርቶ፣ ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው፣ ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ነው። የመጀመሪያው ፈተና ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። የካፕስ ሎክ ቁልፍ ይጫናል፤ ትንሿ መብራት ስትነካ የምትበራና የምትጠፋ ከሆነ ማሽኑ በሕይወት አለ፤ የታመመው የሚያስበው ሳይሆን የሚያሳየው ክፍል ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሌላ ቦታ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የተባለበትን ላፕቶፕ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ስለነበረ ሲያናግረኝ ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። ካፕስ ሎኩን ስነካው መብራቱ ታዘዘኝ። የክፍሉን መብራት አጠፋሁና የስልኬን መብራት ስክሪኑ ላይ በሰያፍ ያዝኩበት፤ ከጥቁሩ መስታወት በስተጀርባ፣ ጭጋግ እንደሸፈነው ሰዓት፣ የዊንዶውሱ መግቢያ ገጽ ሰዓትና ቀን ደብዝዞ ታየ። ልጁ አጎንብሶ ሲያየው «የኔ ስም!» አለ፤ የተጠቃሚ ስሙ ከሥሩ ተጽፎ ነበር። ማሽኑ ተነሥቶ የይለፍ ቃሉን እየጠበቀው ነበር ማለት ነው። የጠፋው የስክሪኑ የኋላ ብርሃን ሲሆን፣ ምክንያቱም በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ኬብል በመክፈትና በመዝጋት ብዛት መላላጡ ነበር። በኤችዲኤምአይ ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝተን ጽሑፉን ገለበጠ፤ ኬብሉ የተቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ማሽን ፎርማት ሊደረግ ይችል እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ካፕስ ሎኩ የማይታዘዝ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ራሙ ያመራል። ብዙ አምራቾች ማሽኑ ፈተናውን ሲወድቅ በመብራት ብልጭታ ወይም በጩኸት እንዲናገር አድርገው ሠርተውታል፤ የኃይል መብራቱ ለምሳሌ ሁለት ጊዜ ቢጫ ሦስት ጊዜ ነጭ ብልጭ ብሎ እረፍት ወስዶ ከደገመው ያ ቁጥር መልእክት ነው። ቆጥሮ ወረቀት ላይ መጻፍና ከአምራቹ መመሪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ትርጉሙ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የአንዱን ለሌላው መጠቀም አይቻልም። ክዳኑን ለመክፈት ልምዱ ያለው ሰው ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የባትሪውንም ማያያዣ ካላቀቀ በኋላ ራሞቹን አውጥቶ መልሶ ቢሰካቸው፣ ሁለት ከሆኑም አንድ በአንድ ቢፈትናቸው ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ይለያል። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ይህ አይሠራም። ዲዲአር5 የተባለውን አዲስ ራም የቀየረ ሰው ደግሞ ትዕግሥት ይኑረው፤ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ከራሙ ጋር ለመላመድ ደቂቃዎች ሊወስድ ስለሚችል ስክሪኑ እስከዚያ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። እኔ ራሴ በችኮላ ሦስት ጊዜ አጥፍቼው፣ ተስፋ ቆርጬ ስልክ ላነሣ ስሄድ በአራተኛው ብቻውን ተነሥቶ ጠብቆኛል።

ሦስተኛው፣ ዓርማው ታይቶ ከዚያ ወዲያ አልከፍትም የሚለው ነው። የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት ከመጣ ከሁሉ በፊት የተሰካ ፍላሽ ካለ ይነቀል፤ ማሽኑ ከፍላሹ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልሆነ እንደ አምራቹ ኤፍ2፣ ዲሊት ወይም ኢስኬፕ በመጫን ወደ ባዮስ ገብቶ የዲስኩ ስም መኖር አለመኖሩን ማየት ነው። ስሙ ከሌለ ዲስኩ ተነቅሏል ወይም ተበላሽቷል፤ ዊንዶውስ ቢጫን የሚያርፍበት ቦታ የለም። ስሙ ካለ ደግሞ ባዮሱ ውስጥ ያገኙትን ሁሉ መነካካት አይገባም። ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገርበትን ስልት የሚወስነውን አንድ መስመር ብቻ መቀየር ደህና የነበረውን ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሊጥለው ይችላል። በሌላ በኩል ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደነበረ ጊዜ ተመልሶ ከተገኘ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ ያለችው 3 ቮልት የምትሰጥ ክብ ባትሪ ደክማ የባዮሱ ቅንብር ጠፍቶ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዊንዶውስ በተራው የሚጠረጠረው። ያኔም ቢሆን በተከታታይ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው ራሱ የሚከፍተው የጥገና ገጽ አለ፤ ከዚያ ገጽ ላይ የቅርቡን ማሻሻያ ማስወገድ፣ ወደ ቀድሞ ቀን መመለስ ወይም በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ስልት፣ መግባት ይቻላል፤ እነዚህ ፋይል አያጠፉም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት የለቀቀው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ኮምፒዩተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጥሎ አየር መንገዶችን፣ ሆስፒታሎችንና ባንኮችን አስተጓጉሏል። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር፤ የተቃጠለ ዕቃ አልነበረም፣ የሚጫን ዊንዶውስም አላስፈለገም። የዓምዱን ምክር የተከተለ ባለሙያ ያን ዕለት ምን ያህል ዶሴ ያጠፋ እንደነበር ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

ያን ዕለት ብዙዎችን ያዘገየው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ዓምዱ አንድ ቃል እንኳ ያልተናገረለትም እሱን ነው። የብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ዲስክ ቢትሎከር በተባለው መቆለፊያ የተመሰጠረ ስለነበረ፣ ወደ ሴፍ ሞድ ለመግባት 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቅ ነበር። ይህ የድርጅቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዊንዶውስ 11 በ24ኤች2 እትሙ፣ እንደ አዲስ ተጭኖ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ዲስኩን ይመሰጥራል፤ ቁጥሩም እዚያው አካውንት ላይ ይቀመጣል። ባዮሱ ሲታደስ፣ አንዳንድ ቅንብር ሲነካ ወይም ማዘርቦርድ ሲቀየር ማሽኑ ቁጥሩን ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ዲስኩን ፈትቶ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መሰካትም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ላፕቶፑ ገና ደህና ሳለ ያንን ቁጥር ከአካውንቱ አውጥቶ ወረቀት ላይ መጻፍ፣ ወረቀቱንም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ማኖር ያስፈልጋል።

ፎርማት የግድ በሚሆንበት ጊዜም ከሱ በፊት ፋይሉ ይወጣል። ሊኑክስ የተባለው ሌላ ስርዓተ ክወና በፍላሽ ላይ ተጭኖ ማሽኑን ከፍላሹ ማስነሳት፣ ከዚያም የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍቶ ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል፤ ወይም ዲስኩ ተፈትቶ በመያዣ ውስጥ ሆኖ በዩኤስቢ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ይገናኛል። አሮጌው ሀርድ ዲስክ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን እያበሩ መሞከሩ የቀረውንም ይፍቀዋልና ወዲያው ይጥፋ። «ፎርማት ቢደረግም በሪከቨሪ ሶፍትዌር ይመለሳል» የሚለውም አባባል የሀርድ ዲስክ ዘመን ትዝታ ነው። የሚሽከረከር ክፍል በሌለው አዲሱ ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ላይ ፋይል ሲጠፋ ወይም ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ ቦታው ነጻ መሆኑን ለዲስኩ ስለሚነግረው፣ ዲስኩ ራሱ በትርፍ ጊዜው ያጸዳዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመለስ ነገር አይገኝም።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። «ማዘርቦርድ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም። በመልቲሜትር የተለካ ቮልት፣ ተቀይሮ የተሞከረ ራም፣ በሌላ ስክሪን የታየ ምስል ከሌለ ይህ ቃል «አላውቅም» ከማለት ብዙ አይርቅም፤ ደንበኛም «በምን አወቃችሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ለቅጽበት በርቶ ወዲያው የሚጠፋ ማሽን ግን በእርግጥ ቦርዱ ላይ መገናኘት የሌለባቸው የኃይል መስመሮች መገናኘታቸውን (ሾርት) ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ደጋግሞ መሞከሩ ይቅርና ለመለካት ወደሚችል ሰው ይወሰድ።

ስለሆነም ዓምዱ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ እንዲያወጣ፣ ፎርማት የሚለውንም ቃል ከፋይል ማውጣት ቀጥሎ እንዲያስቀምጠው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደብዳቤው ረዝሞ የሚቆረጥ ከሆነ ስለ ቻርጀሩና ስለ ኬብሉ የጻፍኩት ቢቀር ቅር አይለኝም፤ ስለ 48ቱ አኃዝ የጻፍኩት ግን ባይነካብኝ እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ